የለካችው ቤት

መጋረጃ በመስፋት የምትተዳደረው ባለመጋረጃዋ፣ ቤት ፍለጋ ስትወጣ የምትፈልገው ሦስት ነገር ብቻ ነበር። አንደኛ፣ ደረጃ የሌለው መግቢያ፤ የእናቷ ጉልበት ደረጃ መውጣት ካቆመ ቆይቷል። ሁለተኛ፣ ሰፊ በር፤ የጨርቅ መቁረጫ ጠረጴዛዋን አናጺው የገጣጠመው እዚያው ክፍሉ ውስጥ ሆኖ ስለነበር፣ ቢያጋድሙትም ቢገለብጡትም በተራ በር አያልፍም። ሦስተኛ፣ የመርፌ ገቢ የሚችለው ኪራይ። ሲሰሙት ብዙ አይመስልም። ከሦስቱ ሁለቱን አንድ ላይ ማግኘት ቀላል ነው። ሦስቱን አንድ ላይ ማግኘት ግን፣ እሷ ራሷ እንደምትለው፣ ትከሻውም እጅጌውም ወገቡም ልክ የሆነ የሌላ ሰው ኮት እንደማግኘት ነው።

ቤት የምትፈልገው አከራይዋ፣ የቆርቆሮ ነጋዴው፣ ግቢውን አፍርሶ ከሥሩ ሱቅ ያለው ፎቅ ሊሠራበት ስለወሰነ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ አስቀድሞ ነገራት። ዝናብ ሳይገባ እንድትለቅለትና ፎቁ ሲያልቅ ከሱቆቹ አንዱን ለእሷ እንደሚያስቀርላት አጫወታት። የሱቁን ኪራይ ስትሰማ ሳቀች፤ እሱም አብሮ ሳቀ። ያ ሱቅ የእሷ እንደማይሆን ሁለቱም ያውቁ ነበር።

አንዲት ትንሽ ከተማ እንዴት እንደምታድግ ማወቅ የሚፈልግ ሰው መጋረጃ ሰፊን ቢከተል ጥሩ ነው። መጀመሪያ አስፋልቱ መጣ። አስፋልቱን ተከትሎ ፋብሪካው፣ ፋብሪካውን ተከትለው ሠራተኞቹ፣ ሠራተኞቹን ተከትለው በየጓሮው የሚቀጣጠሉ ክፍሎች መጡ። እያንዳንዱ ክፍል ደግሞ ቢያንስ አንድ መስኮት አለው፤ መስኮት ያለው ሰው ጎረቤት እንዲያየው አይፈልግም። ስለዚህ የባለመጋረጃዋ ሥራ ከከተማው እኩል አደገ። የሚገርመው ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ሥራዋን ያሳደገላት ያው እድገት የቤቱንም ዋጋ እያሳደገ፣ ቤቷን ከሥሯ ሳበው። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ማለት ይኸው ነው።

ሥራው ራሱ ቅደም ተከተል አለው። ግንበኛ ያቆማል፤ ለሳኝ ይለስናል፤ ኮርኒስ ይመታል፤ ወለል ይነጠፋል፤ ቀለም ይቀባል፤ የመጋረጃው ብረት ይሰቀላል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው እሷ የምትገባው። ከእሷ ቀጥሎ የሚገባው አልጋና ሶፋ ነው። የመጨረሻዋ ሠራተኛ በመሆኗ በከተማው የቱ ቤት እንዳለቀና የቱ ሊያልቅ እንደሆነ ከደላሎቹ ቀድማ ታውቃለች። አብሯት ብዙ ዓመት የሠራው ቀለም ቀቢ፣ ኮርኒስ ለመቀባት መውጫ ስለማያስፈልገው «መሰላል» የሚሉት ረጅም ሰው፣ በዚህ ይቀልድባት ነበር።

«አንቺማ የከተማው ቤት ሁሉ ያንቺ ነው» ይላታል።

«መስኮቱ ነው እንጂ በሩ መቼ የኔ ሆነ» ትለዋለች።

አለካኳም ደስ የሚል ነገር አለው። እሷ ራሷ ሄዳ ስትለካ በሜትር ነው። ሜትር የሌለው ወይም ከሩቅ የሚመጣ ደንበኛ ግን የመስኮቱን ልክ በሲባጎ ቆርጦ ያመጣል። አንድ ሲባጎ ለወርዱ፣ አንድ ሲባጎ ለቁመቱ። ችግሩ ጠረጴዛ ላይ ሲደርሱ ወርድና ቁመት መደባለቃቸው ነው። ለዚህ መላ ያገኘችው ገና ወጣት ሳለች ነበር፤ የወርዱ ሲባጎ ጫፍ ላይ ተራ ቋጠሮ፣ የቁመቱ ጫፍ ላይ ጣት የሚያስገባ ቀለበት ይደረጋል። ቀለበቷ ደግሞ ሁለት ጊዜ ዞራ የምትታሰር የራሷ ፈጠራ ናት። ደንበኞቿ አይቸገሩባትም፤ እንዳሻቸው ቋጥረው ያመጣሉ፣ እሷ ታስተካክለዋለች። ቀለበቷን በትክክል የምታስር ከእሷ ሌላ አንዲት ሰው ብቻ ነበረች፤ ከጠረጴዛው ሥር ተቀምጣ ሲባጎ እየቋጠረች ያደገችው ታናሽ እህቷ።

በመጋረጃ ሰፊዎች መካከል አንድ ያልተጻፈ ሕግም አለ፤ ቀድሞ የለካ ያዘ። ባለቤቱ ሌላ ሰፊ ቢጠራ፣ የተጠራችው ሰፊ ከበር ላይ ቆማ «ተለክቷል?» ብላ ትጠይቃለች። ተለክቷል ከተባለች ሜትሯን ጠቅልላ ትመለሳለች። ቀብድ የለም፤ ፊርማ የለም። ባለመጋረጃዋ መናኸሪያው አጠገብ ካለችው ሰፊ ጋር ሰላምታ እንኳ የላቸውም። ቢሆንም በመካከላቸው ይህ ሕግ አንድም ቀን ተጥሶ አያውቅም።

ወደ ፍለጋው እንመለስ። ያየቻቸው ቤቶች ብዙ ናቸው፤ እያንዳንዱም የራሱ ትምህርት ነበረው። አንዲት አከራይ ቤቱን፣ በሩን፣ ኪራዩን ካሳየቻት በኋላ ሥራዋን ጠየቀቻት። ሰፊ መሆኗን ስትሰማ ቆጣሪው የጋራ ስለሆነ የስፌት መኪናና ካውያ ያለው ሰው እንደማታስገባ ነገረቻት። በካውያው ላይ ተከራክረው እሺ ልታሰኛት ስትል ደግሞ እናት እንዳለቻት ታወቀ። አከራይዋ አሮጊት ካለ ውሃ ይበዛል አለች፤ በዚያው ተለያዩ። ሌላኛው ቤት ሁሉ ነገሩ ሙሉ ነበር፤ መጸዳጃው ግን ከግቢው ማዶ በእንጨት ድልድይ የሚታለፍ ቦይ ተሻግሮ ነው። ወደ ሦስተኛው ቤት አንድ ደላላ ደረጃ የለውም ብሎ ምሎ ወስዷት ስትደርስ ደረጃውን አየችው። ምነው ብትለው፣ ደላላው ሳያፍር፣ ይኼማ ደረጃ ሳይሆን ከፍ ያለ መርገጫ ነው አላት። መርገጫዎቹ ሰባት ነበሩ።

ቤቱን ያገኘችው ፍለጋውን ልትተው ስትል ነው። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሾፌር ለልጃቸው ጋራዥ እንዲሆን የጀመሩት ቤት ነበራቸው። ልጁ ጋራዡን ትቶ ወደ ትልቅ ከተማ ሲሄድ፣ ቤቱን ሁለት ክፍል አደረጉትና ሊያከራዩት አሰቡ። ጋራዥ ሊሆን የነበረ ስለሆነ በሩ ሰፊ ነው፤ መኪና እንዲገባበት ታስቦ ስለተሠራም መግቢያው ከመሬት እኩል ነው። አዛውንቱ ለኪራዩ አልተስገበገቡም፤ ቤቱን እንደ ቤቱ የሚይዝ ሰው ነው የፈለጉት። አንድ እንከን ነበረው። የትልቁ ክፍል መስኮት ቀኝ ጎኑ ከግራው አራት ጣት ይረዝማል።

«ግንበኛው ግራውን የሠራው ምሳ ሳይበላ፣ ቀኙን ከበላ በኋላ ነው» አሏት ሾፌሩ። «ሲጠግብ እጁ ረዘመ።»

እሷ መስኮቱን ወደደችው። የተንጋደደ መስኮት እንዴት ቀጥ ብሎ እንደሚታይ ታውቃለች። ብረቱን በመስኮቱ ጠርዝ ሳይሆን በውሃ ልክ ይሰቅሉታል፤ ጨርቁን ከሁለቱም ጎን አሳልፈው እስከ ወለል ያወርዱታል፤ ያኔ ዓይን መስኮቱን ትቶ መጋረጃውን ያምናል። ይህን እያስረዳች ሜትሯን አወጣች፤ መስኮቶቹን ሁሉ አንድ በአንድ ለካች። ሾፌሩ ወንበር ይዘውላት ቆሙ። ኮርኒሱ ሲያልቅ እንድትገባ ተስማሙ። ስትወጣ ልቧ የሞላው በሙያዋ ሕግ ነው። ለክታለች፤ ቤቱ ተይዟል። ቀብድ ልስጥ የሚል ሐሳብ እንኳ አልመጣባትም።

እዚህ ላይ ነው የተሳሳተችው፤ እንዲህ ያለ ስህተት ደግሞ መጋረጃ ሰፊ ካልሆነ ማንም አይሠራውም። የአንድን መስኮት ሕግ ወስዳ ለአንድ ሙሉ ቤት አደረገችው።

ደስታዋን ያካፈለችው ለሁለት ሰው ነው፤ ለእናቷና ለታናሽ እህቷ። ታናሿን እስካሁን «ትንሿ» ነው የሚሏት፤ ትዳር ይዛ፣ በአዲሱ ፋርማሲ ገንዘብ ተቀባይ ሆና፣ ልጅ ልትወልድ ተቃርባ እንኳ ስሙ አልለቀቃትም። አባታቸው የሞተው ትንሿ ገና ፊደል ስትቆጥር ነበር፤ ያስተማራት የባለመጋረጃዋ መርፌ ነው። ከባሏ ጋር የሚኖሩት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለች አንዲት ክፍል ነው፤ ውሃ በጄሪካን ነው የሚወጣው። ባለመጋረጃዋ እህቷን ይዛ ሄዳ ቤቱን አሳየቻት። ጠረጴዛው የሚቆምበትን፣ የእናታቸው አልጋ የሚሆንበትን፣ ብርሃኑ ጠዋት በየት እንደሚገባ፣ ሁሉንም በጣቷ እየጠቆመች አስረዳቻት። ትንሿ የተንጋደደውን መስኮት አይታ አስቀያሚ ነው አለች፤ ከዚያ ሰፊው በር ላይ ቆማ እጇን በሆዷ ላይ አድርጋ ቆየች። ባለመጋረጃዋ የደከማት መስሏት ድንጋይ ላይ አስቀመጠቻት።

ከዚያ በኋላ ሥራ በዛ። ፋብሪካው ለሠራተኞቹ ያሠራቸው ክፍሎች ስላለቁ ከጠረጴዛዋ ቀና አላለችም። ሾፌሩን አንዴ መንገድ ላይ ስታገኛቸው ኮርኒሱ እየተመታ እንደሆነ ነገሯት፤ እሷም ቀስ ብለው ያሠሩ አለቻቸው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የጨርቅ ባለሱቁ ጥቅልል ጨርቅና አንድ እፍኝ ሲባጎ ይዞ መጣ። የአንዲት ደንበኛው ነው። ጨርቁን ከእሱ ገዝታ ራሱ እንዲያሰፋላት አደራ ሰጥታዋለች። መጀመሪያ መናኸሪያው አጠገብ ላለችው ሰፊ ወስዶት ነበር፤ እሷ ግን አንደኛው መስኮት ሁለት ቁመት ስላለው ስህተት ነው፣ እንደገና ይለካ ብላ መለሰችው።

«ደንበኛዋ አንቺ ዘንድ እንዳልወስደው ነግራኛለች» አለ ባለሱቁ፣ ሚስጥር እንደሚያካፍል ሰው ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ ብሎ። «ምን እንደበደልሻት አላውቅም። ግን ይኼን የመሰለ ጉድ ካንቺ በቀር ማን ይሰፋዋል ብዬ ነው ያመጣሁት። ጨርቁ ያምራል አይደል?»

ጨርቁን አላየችውም። ሲባጎዎቹን በጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻቸው። ሁለቱን ቁመቶች ጎን ለጎን አስተኝታ ልዩነታቸው ላይ እጇን አስቀመጠች። አራት ጣት። በዚያች ከተማ ጠማማ መስኮት ብዙ ነው፤ በአራት ጣት የተንጋደደ ግን አንድ ነው የምታውቀው። ከዚያ የሲባጎዎቹን ጫፍ አየች። በወርዶቹ ላይ ተራ ቋጠሮ። በቁመቶቹ ላይ ሁለት ጊዜ ዞራ የታሰረች ቀለበት።

ሲባጎው ሁለቱንም ነገራት። የቱ ቤት እንደሆነ ነገራት፤ የማን እጅ እንደለካውም ነገራት። ባለሱቁ ግን ዋጋውን እያሰላች መስሎት ጠበቀ። ነገ ና አለችው።

ወፍጮ ቤቱን አልፋ ወደ ሾፌሩ ግቢ ስትገባ ሽማግሌው የበሩን ማጠፊያ ዘይት እየቀቡ ነበር። ሲያዩዋት ደስ አላቸው። እንኳን መጣሽ፣ እህትሽ ዕቃዋን መቼ ነው የምታስገባው ብለው ጠየቋት። ባለመጋረጃዋ «የምን ዕቃ?» ስትላቸው ነው ነገሩ የገባቸው። ዘይቱን አስቀምጠው ቆሙ።

ትንሿ መጥታ፣ እህቴ ሐሳቧን ቀይራለች፣ ከደንበኞቿ ራቀባት፣ ስለዚህ እኛ እንግባበት ብላቸዋለች። ቀብዱንም ሰጥታለች።

«እንዴት አመኗት?» አለች ባለመጋረጃዋ።

«ልጄ፣ እሷን ብቻማ አላመንኩም» አሉ። «እናታችሁ አብረዋት መጥተው ነበር። እዚያ ድንጋይ ላይ ነው የተቀመጡት። እናት እያለች ሌላ ማንን ልጠይቅ?»

እናቷ ከግቢያቸው ከወጡ ወራት አልፏቸው ነበር። ለሐኪም እንኳ ሲሄዱ በሁለት ሰው ድጋፍ ነው። በእነዚያ ጉልበቶች እስከ ወፍጮ ቤቱ ጀርባ ድረስ መጥተዋል።

«እኔ እኮ ለክቼው ነበር» አለች።

«ምኑን?»

«መስኮቱን።»

ሾፌሩ ግራ ገብቷቸው መስኮቱን አዩት፤ እሷን አዩዋት። «መስኮት መለካት ምን ያስራል ልጄ?» አሉ። የተናገሩት ሊያበሽቋት አልነበረም፤ እውነት ሊያውቁ ፈልገው ነው። ልታስረዳቸው ጀመረች፤ መሃል ላይ ግን የምታስረዳው ነገር ለራሷም ሞኝነት መስሎ ተሰማትና ተወችው።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። ወፍጮ ቤቱ ያውቅ ነበር፤ ፋርማሲው ያውቅ ነበር፤ መሰላልም፣ በኋላ እንደታወቀው፣ ቤቱን እንዲቀባ ተጠርቶ ስለነበር ግማሹን ያውቅ ነበር፤ የእሷ ነው ብሎ ደስ እያለው ነው የቀባው። ሳታውቅ የቀረችው የነገሩ ባለቤት ብቻ ናት።

ቤቷ ስትደርስ እናቷ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ከቁራጭ ጨርቅ ክር ይመዛሉ፤ እጃቸው ሥራ እንዳይፈታ የሰጠቻቸው ሥራ ነው። ከፊቷ አነበቡት መሰል፣ ጨርቁን ጭናቸው ላይ አሳረፉት። ባለመጋረጃዋ ቆማ ጠየቀቻቸው። እናትየው አልካዱም። ትንሿ ሕፃን ታቅፋ ጄሪካን ይዛ ያን ሁሉ ደረጃ መውጣት እንደማትችል፣ ባሏም እንዲህ ያለ ቤት በራሱ ፈልጎ የሚያገኝ ሰው እንዳልሆነ፣ ለእሳቸውም በትንሹ ክፍል አልጋ እንደሚዘረጋላቸው ተናገሩ። ትንሹ ክፍል ጠረጴዛው ይቆምበታል ተብሎ የነበረው ነው። ጠረጴዛሽ ሌላ ቦታ አያጣም አሉ። አንቺ ጠንካራ ነሽ፣ የትም ብትወድቂ ትነሻለሽ አሉ።

እስከዚህ ድረስ ችላው ነበር። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ለምን አልነገርሽኝም፣ እማዬ?»

እናትየው ክሩን በጣታቸው ሲጠቀልሉ ቆዩ።

«ብነግርሽ እምቢ ትያለሽ ብዬ የተውኩት መስሎሻል» አሉ። «እሺ ትይ ነበር። እሺ ስትይ ፊትሽን ማየት አልቻልኩም።»

መከዳት እንዴት እንደሚሠራ በጥንቃቄ ማየት የሚፈልግ ሰው እዚህ ላይ ቢቆም ጥሩ ነው፤ አብዛኛው ሰው የሚያመው የተወሰደበት ነገር ይመስለዋልና። ባለመጋረጃዋ ቤቱን ብትጠየቅ ትሰጥ ነበር። እናቷም ያውቃሉ፣ እሷም ታውቃለች፣ ትንሿም ታውቃለች። የወሰዱባት ቤቱን ሳይሆን መስጠቱን ነው። ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ የሚል ሰው ቢያንስ ማጉረሱን ያውቀዋል፤ እሷ ግን እጇን ሳትዘረጋ ነው የተነከሰችው።

ትንሿ በማግስቱ ወደ ባለመጋረጃዋ ቤት መጣች። ለእርቅ የላካት የለም፤ ሲባጎው የት እንደደረሰ ከባለሱቁ ሰምታ ነው። ባለመጋረጃዋ ወንበር ሰጠቻት፤ እርጉዝ ናትና ቁሚ አትባልም። ለጥቂት ጊዜ ስለ ጨርቁ ተነጋገሩ፤ እውነትም ጥሩ ጨርቅ ነበር። ከዚያ ትንሿ ቀና አለች።

«ብጠይቅሽ ትሰጪኝ ነበር አይደል?»

«አዎ።»

«እሱን ነው የጠላሁት። ዕድሜ ልኬን አንቺ ሰጪ፣ እኔ ተቀባይ። የተማርኩበት ያንቺ፣ የተዳርኩበት ያንቺ። አንድ ቤት እንኳ በራሴ ልያዝ አልኩ።»

«በራስሽ?» አለች ባለመጋረጃዋ። «እኔ ያገኘሁትን፣ በኔ ስም ዋሽተሽ? ሰረቅሽኝ እኮ።»

«ተከራየሁት።»

ትንሿ ከመሄዷ በፊት ሌላም ነገር ተናገረች፤ ባለመጋረጃዋ እስካሁን ስታስታውሰው መርፌዋን ታቆማለች። ቤቱን ልታሳዪኝ ስትወስጅኝ ጠረጴዛሽ የት እንደሚቆም ነገርሽኝ፣ እማዬ የት እንደምትተኛ ነገርሽኝ፣ እኔና ይኼ ልጅ የት እንደምንሆን ግን አልጠየቅሽኝም አለቻት። እውነት ነው፤ አልጠየቀቻትም። ይህ እውነት ግን የተሠራባትን አላቀለለላትም። እንዲያውም አከበደው፤ በእህቷ ስትናደድ የምትደገፍበትን ግማሹን ወሰደባት።

ባለሱቁ ሲመለስ ጨርቁን ከነሲባጎው አስረከበችው።

«ይኼን አልሰፋም» አለች።

«ምነው? ከበደሽ?»

«ተለክቷል።»

ባለሱቁ ማን ለካው አላለም፤ የሙያውን ሕግ ያውቃል። በከተማው ያሉ ሰፊዎች ሁሉ በሳምንቱ ሰሙት፤ የወፍጮ ቤቱ ጀርባ ቤት ተለክቷል። ከዚያ ወዲህ አንዲትም ሰፊ አልነካውም፤ ሰላም የማትላት የመናኸሪያዋ ሰፊ እንኳ። መሰላል በዚያ በኩል ሲያልፍ ያየውን መጥቶ ነገራት። ትንሿ በጠማማው መስኮት ላይ አበባ ያለበት አንሶላ በምስማር መትታበታለች፤ አንሶላው ግራውን ሸፍኖ ቀኙ ላይ አራት ጣት ያጥረዋል። መሰላል ትስቃለች ብሎ ነበር የነገራት። አልሳቀችም። እናቷን ለወሰደ ቤት መጋረጃ መከልከል ምን ያህል ትንሽ በቀል እንደሆነ ታውቃለች፤ ሆኖም ከዚያ የሚበልጥ በእጇ አልነበረም።

እናትየው በጋሪ ሄዱ። ባለመጋረጃዋ አልጋቸውን ፈትታ፣ ብሎኖቹን በጨርቅ ቋጥራ ሰጠች፤ አብራ ግን አልሄደችም። ትንሿ ወንድ ልጅ ወለደች። ባለመጋረጃዋ ለሕፃኑ የሰፋችውን መጠቅለያ በመሰላል ላከች፤ ራሷ ሄዳ አላየችውም።

አሁን የምትኖረው ከፋብሪካው ማዶ ጅምር ቤት ውስጥ ነው። ባለቤቱ ቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ግድግዳውን አቁሞ ቆርቆሮውን ከመታ በኋላ አቅሙ አለቀበት። ባዶ የቆመ ቤት ደግሞ ከሰው ይልቅ ለሌባ ይቀርባል፤ ቆርቆሮው በየሌሊቱ እየተነቀለ ነበር። ስለዚህ አንድ ነገር አሰበች፤ ይህን ሐሳቧን ለማንም ደስ ብሏት ታስረዳለች። እሷ ትገባበታለች፤ ቤቱን ክፍል በክፍል እየጨረሰች በኪራይ ፋንታ ትኖርበታለች። ለሳኙ ይለስንላታል፣ እሷ ለቤቱ መጋረጃ ትሰፋለታለች። መሰላል ይቀባላታል፣ ለልጆቹ የትምህርት ቤት ልብስ ትሰፋለታለች። ይህን ጊዜ ግን በመለካት አልተማመነችም። ቧንቧ ሠራተኛውን፣ ሚስቱንና ከሁለቱም ወገን ጎረቤቶችን አስቀምጣ፣ ለስንት ዓመት፣ በምን ሁኔታ፣ እሱ ቢሸጠው ምን እንደሚሆን፣ አንድ በአንድ አናግራ አስፈረመች። ቧንቧ ሠራተኛው እህቱ ስትዳር እንኳ ይህን ያህል ጥያቄ እንዳልቀረበ አጉረመረመ።

ጠረጴዛው በመስኮት በኩል ገባ። መስኮት ገና ያልገባለት ቤት ስለሆነ ቀዳዳው ሰፊ ነው።

የቀራት ችግር መግቢያው ነው። ቤቱ የቆመው ተዳፋት ላይ ስለሆነ በሩ ከመሬት ከፍ ይላል፤ ባለቤቱ ሦስት ደረጃ ሊያስገነባ ነበር፣ ደረጃ ቀላልም ርካሽም ነውና። እሷ እምቢ አለች። በደረጃ ፋንታ ሸርተት ብሎ የሚወጣ መንገድ ነው የምትፈልገው። ይህ ሲያስቡት ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። መንገዱ ዳገቱ ከበዛ ጉልበትን እንደ ደረጃው ያንገላታዋል፤ እንዳያንገላታ ለአንድ ክንድ ከፍታ አሥር ክንድ ያህል ርዝመት ይፈልጋል፤ ያን ያህል ርዝመት ደግሞ ከበሩ እስከ አጥሩ የለም። ስለዚህ መንገዱ ግማሽ ሄዶ እንደ ክርን መታጠፍ አለበት፤ የሚታጠፍበት ቦታም ሰው ቆሞ የሚያርፍበት ደልዳላ መሆን አለበት። ይህን ሁሉ በሲባጎና በችካል መሬት ላይ ዘርግታ አየችው። መሰላል መጥቶ ችካሎቹን ዞር ዞር ብሎ ተመለከተና ለማን እንደሆነ ጠየቃት። ለጨርቅ ጥቅልል ነው፣ ከባድ ስለሆነ ነው አለችው።

«ጨርቅ ደግሞ መሃል ላይ ቁጭ ብሎ ያርፋል እንዴ?» አላት።

አንዱን ችካል በድንጋይ ጠበቅ አድርጋ መታችው። ከእናቷ የመጣ ጥያቄ የለም፤ ከእሷም የሄደ ግብዣ የለም። ስለ ይቅርታ የሚያነሳ ሰው ሲመጣ ወሬ ትለውጣለች፤ ልቧ ከዚያ ቀን ወዲህ አልተመለሰም፤ ይመለሳልም አትልም።

መጀመሪያ አፈር ሞላችበት፤ ዝናብ በአንድ ሌሊት አጥቦ ወደ ጎረቤት ግቢ ወሰደው። ቀጥሎ ገረጋንቲ አስደፋች፤ እስከ መታጠፊያው ያለው ያዘ፣ መታጠፊያው ላይ ግን ተናደ። አሁን ጠርዙን በድንጋይ እየደገፈች፣ ከሥር ወደ ላይ እየደረደረች፣ በውሃ ልክ እየለካች ነው። ዛሬ ጠዋት ሁለተኛው የድንጋይ ረድፍ ላይ ነበረች፤ አንዱ ድንጋይ አልቀመጥ ብሏት፣ አንስታ አዙራ፣ ሌላውን ጎኑን እየሞከረች።